መጀመሪያ ጭብጥ ይያዝ፦ ስለ ፈጣሪ መኖርና ስለ ሥነ ምግባር በደሴና በኮምቦልቻ ለሚከራከሩ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የክርክር ቡድን አድሚኖች፣ በቲክቶክ ላይቭ ለምትሟገቱ ወንድሞችና እህቶች፣ ለኡስታዞችና ለመምህራን፣ በስማችሁም ሆነ በቅጽል ስም ለምትጽፉ ኢአማኒዎች (በፈጣሪ ለማታምኑ)፤ ባላችሁበት።

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ከሁለቱም ወገን ላልሆናችሁት ደግሞ ጤና ይስጥልን። («ይስጥልን» ስንል ሰጪው ማን ነው የሚለውን ለጊዜው እንለፈው። አማርኛው ገና ከሰላምታው ክርክር ያስነሳል።)

ክርክሩ ይቁም ለማለት አይደለም የምንጽፈው። ወሎ የተማረና የተከራከረ አገር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ ቦሩ ሜዳ፣ ዳናም ሆነ ጀማ ንጉሥ ስማቸው የገነነው ሰው ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ሲጠይቅና ሲጠየቅ ስለኖረባቸው ነው። አሁን ክርክሩ ወደ ስልክ ገብቷል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደሴ ላይ የተጻፈ ቃል ሐረጎን ከሚወርደው ሚኒባስ ቀድሞ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ስድቡም እንደዚያው። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከመከራከር በፊት ጭብጥ ይያዝ።

በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲፋለሙ ነገሩ ግጥምና ሽለላ የበዛበት ይምሰል እንጂ ሥርዓት ነበረው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ከተጠየቀው ወጥቶ ወደ ሌላ የዘለለ ሰው «የተጠየቅከውን መልስ» ይባላል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ ዳኛ ሁን ሲባል ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናደርገው ክርክር ዕውቀት አልጎደለውም፤ እንዲያውም ከሁለቱም ወገን ብዙ ያነበቡ ልጆች አሉ። የጎደለው «የተጠየቅከውን መልስ» የሚል ሰው ነው።

ደጋግሞ የሚነሳውን ጥያቄ እንውሰድ፦ «ፈጣሪ ከሌለ ሥነ ምግባር ከየት ይመጣል?» አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሦስት ጥያቄ አለ። በፈጣሪ የማያምን ሰው ደግ ሰው መሆን ይችላል ወይ? ይህ ስለ ጠባይ ነው። የማያምን ሰው ክፉና ደጉን መለየት ይችላል ወይ? ይህ ስለ ዕውቀት ነው። ክፉውን ክፉ፣ ደጉን ደግ የሚያደርገው፣ እኛንም የሚያስገድደን ምንድን ነው? ይህ ስለ መሠረት ነው። ጠቡ የሚነሳው አንዱ ሦስተኛውን ሲጠይቅ ሌላው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሲመልስ ነው። በየቡድኑ በየሳምንቱ የሚደገመው ምልልስ ይኸውና፦

«ፈጣሪ ከሌለ ሰርቀህ ብትበላ ማን ይከለክልሃል?»

«አንተ ገሀነም ባይኖር ትሰርቅ ነበር ማለት ነው? ጉድ እኮ ነው!»

«ድሮስ ከከሀዲ ምን ይጠበቃል።»

ሦስት መልእክት ብቻ፣ ክርክሩም አለቀ። ቀጥሎ የሚመጣው የእናት ስም ነው። ግን ቆም ብለን እናንብበው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሌባ ነህ አላለም፤ «ክፋቱ በምን ይታወቃል፣ ማንስ ያጸናዋል?» ማለቱ ነው። ያበላሸው «ይከለክልሃል» የሚለው ቃል ነው። መከልከል እጅን መያዝም ነው፣ ሕግ ማውጣትም ነው። ሁለተኛው እጅ መያዙን ሰማና «እኔ ያለ ጠባቂ እታመናለሁ» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው፤ ግን ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው። ያው ጥያቄ እንዲህ ቢጻፍስ፦ «መስረቅ ክፉ ነው ስትል ክፋቱ ከምን ይመነጫል ትላለህ?» ኢአማኒው «ከተሰረቀው ሰው ጉዳት» ይላል። አማኙ ይቀጥላል፦ «የሰው መጎዳት ለምን ሚዛን ሆነ? ማንም የማይጎዳበት ውሸትስ?» አሁን ገና ክርክር ተጀመረ። ማንም አልተሰደበም፤ ኢአማኒው ግን በደንብ ማሰብ ግድ ሆኖበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜ አይውሰድባችሁ። ጎረቤቱን የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ የሚጾም ክፉም፣ የማይጾም ደግም አለ።

ሁለተኛው ላይ ደግሞ አማኙ ሳያስፈልገው ሲዋጋ እናያለን። የራሱ መጽሐፍ ቀድሞ መልሶለታል። ሮሜ 2፥14–15 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ ከባሕርያቸው የሕግን ትእዛዝ ሲያደርጉ ሥራው በልባቸው ተጽፎ እንደሚታይ፣ ኅሊናቸውም እንደሚመሰክር ይናገራል። ቁርኣን ምዕራፍ 91 ቁጥር 7 እና 8 ነፍስን ያስተካከላት ጌታ አመጿንና ፍርሃቷን እንዳሳወቃት ይናገራል፤ ኡስታዞች ስለ ፊጥራ (ሰው ሲፈጠር ስለተሰጠው ተፈጥሮ) ሲያስተምሩ የሚጠቅሱት 30፥30ም በዚሁ መስመር ነው። ስለዚህ «የማያምን ሰው ክፉና ደግ አይለይም» የሚል አማኝ ከኢአማኒው ቀድሞ የሚጣላው ከገዛ መጽሐፉ ጋር ነው። «ይለያል፤ የሚለየውም ፈጣሪ በልቡ ስለጻፈለት ነው» ቢል ግን አቋሙ ይጠነክራል፣ ክርክሩም ወደ ሦስተኛው ይሻገራል።

ዋናው ነገር ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም ወገን የቤት ሥራ ያለበት እዚህ ነው። አማኙ ከ2,400 ዓመት ገደማ ወዲህ የሚንከባለል ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ፕላቶን በሶቅራጥስ አፍ ያስጠየቀው ነው። በኛ አማርኛ ሲቀመጥ፦ ደግ ነገር ደግ የሆነው ፈጣሪ ስላዘዘው ነው ወይስ ፈጣሪ ያዘዘው ደግ ስለሆነ ነው? «ስላዘዘው» ካልን፣ ግፍ ቢያዝስ? የሚል ይመጣል። «ደግ ስለሆነ» ካልን፣ ደግነት ከትእዛዙ በፊት ነበረ ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ኢአማኒዎች ያመጡት አዲስ ወጥመድ አድርጎ የሚቆጣ ሰው ታሪኩን አላነበበም። በእስልምና የነገረ መለኮት ወገኖች መካከል ሙዕተዚላዎች የነገር መልካምነትና ክፋት በአእምሮ ይታወቃል አሉ። አሽዐሪዎች ግዴታ ከመለኮታዊ ትእዛዝ ውጭ አይጸናም ብለው የመጀመሪያውን መልስ አውቀው፣ ዋጋውንም ተቀብለው ያዙት። ማቱሪዲዎች በመካከል ቆሙ። በክርስትና በኩል የተለመደው መልስ ደግነት ከፈጣሪ ውጭ ያለ ሕግም፣ የዘፈቀደ ትእዛዝም አይደለም፤ የፈጣሪ የራሱ ባሕርይ ነው የሚል ነው። እነዚህን መልሶች የሚያውቅ አማኝ አይደነግጥም። የማያውቅ ግን ይደነግጣል፣ የደነገጠም ይሳደባል። ከስድቡ ግማሹ ከድንጋጤ የሚመጣ ነው ብለን እናምናለን።

የኢአማኒው የቤት ሥራም አይቀልም። «ሥነ ምግባር በዝግመተ ለውጥ መጣ» ብሎ የሚዘጋ ሰው ርኅራኄ በሰው ልብ እንዴት እንደበቀለ ተናገረ እንጂ ለምን እንደሚያስገድደን አልተናገረም። ቅናትም በዚያው መንገድ በቅሏል፤ ታዲያ ቅናት ግዴታ ሊሆን ነው? የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1740 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳስገነዘበው፣ «ነው» ከሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ «ይገባል» የሚል አይወለድም። ሂዩም የሃይማኖት ወዳጅ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ይኸው ቢላዋ በሌላ በኩልም ይቆርጣል፦ «ፈጣሪ አዟል» የሚለውም «ነው» ነው፤ ከዚያ ወደ «መታዘዝ ይገባል» ለመድረስ አንድ ተጨማሪ ደረጃ ያስፈልጋል። ደረጃውን ስጡን ማለት ስድብ አይደለም። ኢአማኒውም «የሰው ክብር»፣ «የጋራ ስምምነት»፣ «ጉዳት መቀነስ» ከሚሉት የቱን እንደያዘ መርጦ ይናገር፤ አንዱ ሲነካበት ወደ ሌላው እየዘለለ እየመለሰ አይደለም።

የቃል ነገር ብዙ ጠብ ያስነሳል። አማርኛችን ለሦስት ችሎት የሚያገለግል አንድ ቋንቋ ነው። በወሎ ሙስሊም አፍ «ወንጀል» ማለት ክርስቲያኑ «ኃጢአት» የሚለው ነው። «መጠጣት ወንጀል ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ ፖሊስ አልጠራም፤ ያላወቀው አንባቢ ግን «ሕግ ልትጭንብን ነው?» ብሎ ይነሳል። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለው የመዝሙር ቃል (በግዕዙ ቁጥር 13፣ በሌላው 14) በየኮሜንቱ ለኢአማኒ ይወረወራል። «ሰነፍ» እዚያ ሥራ የማይወድ ማለት አይደለም፣ ትምህርት የማይገባው ማለትም አይደለም። የዕብራይስጡ «ናባል» በምግባሩ የተበላሸ ሰው ነው፤ መዝሙሩም ወዲያው የሚቀጥለው ስለ ርኩስ ሥራቸው እየተናገረ ነው። ጥቅሱን የሚወረውር ሰው ምን እየወረወረ እንደሆነ ይወቅ።

ከሁሉ የከፋው «ከሀዲ» ነው። ክህደት በአማርኛ ሃይማኖት መተውም ነው፣ ወዳጅን ወይም አገርን መሸጥም ነው። «እምነት የለሽ» ደግሞ እምነት ወደማይጣልበት ሰው ይወስዳል። ስለዚህ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት በቃሉ ብቻ ተፈርዶበታል። «ኢአማኒ» የሚለው ቀዝቀዝ ያለ ነውና እሱን እንጠቀም። ይህም ቢሆን ሁለት ዓይነት ሰው ይይዛል፦ «ፈጣሪ የለም» ብሎ የሚከራከርና «እንዳለ የሚያሳምን ነገር አላገኘሁም» የሚል። የመጀመሪያው ማስረጃ የማቅረብ ሸክም አለበት። ሁለተኛው ያለበት «ምን ቢቀርብልህ ታምናለህ?» ሲባል መመለስ ነው። «አላውቅም፣ ሊታወቅም አይችልም» የሚለው፣ «አግኖስቲክ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህን ስም በ1869 እንደ አውሮፓውያን ያወጣው ሐኪምና የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሐክስሊ ነው። ማንኛቸውን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትከራከሩት፤ ያልያዘውን ቦታ ስትደበድቡ ታመሻላችሁ። በተቃራኒውም «ሙስሊም»፣ «ኦርቶዶክስ»፣ «ጴንጤ» ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም፤ አሁን እንዳየነው በእስልምና ውስጥ እንኳ ሦስት መልስ አለ።

ታሪክ እንደ ድንጋይ የሚወረወርበትም ሌላ ችግር ነው። አማኙ ደርግን ያነሳል፦ አቡነ ቴዎፍሎስም ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፣ በየቀበሌው ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ተብሎ ተነገረ። እውነት ነው። ኢአማኒው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን ቦሩ ሜዳን ያነሳል፦ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረውን የክርስቲያኑን የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር በፍርድ ዘጉ፣ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። ሼህ ጦልሃ ደግሞ አልቀበልም ብለው ሸፈቱ። ይህም እውነት ነው። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የሚመሳሰሉት በምኑ ነው? በሁለቱም ቦታ የሰውን ኅሊና በጉልበት ለመያዝ የወጣው መንግሥት ነው። ከዚህ ስለ ሥልጣን ብዙ ትምህርት ይወጣል። ፈጣሪ አለ ወይስ የለም ለሚለው ግን የሬሳ ቆጠራ ምስክር አይሆንም። አድሚን ሆይ፣ ጭብጡ ስለ ፈጣሪ መኖር ከሆነ ሁለቱንም «ከጭብጥ ውጭ» በል። የስዊድንና የዴንማርክ ነገርም እንደዚያው ነው፤ «እምነት የላቸውም፣ ሰላም ናቸው» የሚለው ሀብቱንና ማኅበራዊ ዋስትናውን ረስቶ ነው፤ ለዚያውም ዴንማርክ ውስጥ ከግማሽ በላይ ሕዝብ ዛሬም የብሔራዊ ቤተ ክርስቲያኑ አባል ነው።

የትልልቅ ሰዎች ስምም ያለ አግባብ ይሠራል። አይንስታይን «ፈጣሪ ዳይስ አይጫወትም» ያለው ስለ ኳንተም ፊዚክስ ነው፤ ስለ ጸሎት አይደለም። ዳርዊን በሞቱ አልጋ ላይ ወደ እምነት ተመለሰ የሚለው ወሬ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1915 በአሜሪካ ጋዜጣ የወጣ ነው፣ ልጆቹም አስተባብለውታል። ዳርዊን ራሱ በ1879 በጻፈው ደብዳቤ «አግኖስቲክ» የሚለው ቃል ይስማማኛል ብሏል (ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን)። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» የተባለ የፍልስፍና ጽሑፍ ደግሞ በኛ ልጆች እጅ ልዩ መሣሪያ ሆኗል። ሁለት ነገር አስታውሱ። የሐተታው ዘርዐ ያዕቆብ የሃይማኖቶችን ሥርዓት ይተቻል እንጂ በፈጣሪ ያምናል፣ ይጸልያልም፤ ስለዚህ ለኢአማኒ ግማሽ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ ጽሑፉን በእርግጥ የጻፈው ማን ነው የሚለው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ይህን ሳይናገር የሚጠቅስ ሰው ሌላው ሲደርስበት ያፍራል።

አሁን ወደ ሥራው። ቡድን ለምትመሩ የምንመክረው ይህ ነው። ጭብጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍና ፒን ይደረግ፤ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልበት ይሁን። «እምነትና ሥነ ምግባር» ርዕስ እንጂ ጭብጥ አይደለም። «ግፍ ክፉ ነው የሚለው ፍርድ በዓለም ላይ ማንም ሰው ባይኖር እውነት ይሆን ነበር ወይ?» ይህ ጭብጥ ነው። ከሥሩ ቁልፍ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ በሁለት መስመር ይቀመጥ። ከያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ሰው ይሰየም፤ ሌላው ያንብብ፣ ጥያቄ ካለው ለአድሚኑ በውስጥ ይላክ። ሃምሳ ሰው በአንዴ የሚጽፍበት ክርክር የለም፣ ያ ገበያ ነው፤ ሰኞ ገበያም ቢሆን ዋጋ የሚነጋገሩት ሁለት ሁለት ሆነው ነው።

ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድ (አንድ አባል ቀጣዩን መልእክት ለመላክ የሚጠብቀው ጊዜ) አለ፤ ከሴኮንዶች ጀምሮ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይሞላል። አምስት ደቂቃ ላይ ብታደርጉት ይበቃል። አስር ሴኮንድ ለስድብ ያመቻል፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ክርክሩን ይገድለዋል። መልእክት ከ150 ቃል አይብለጥ። ተራ አባል የላከውን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም እንደሚችል አትርሱ፦ «ሁሉም ኢአማኒ ሌባ ነው» ብሎ ጽፎ፣ መልስ ከመጣለት በኋላ «አንዳንድ» ብሎ ያስተካክለዋል፤ መላሹ እብድ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ የምትመልሱለትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ኮፒ አድርጋችሁ በጥቅስ ውስጥ አስቀምጡና ከሥሩ መልሱ። ስክሪንሾት ካስፈለገ ከላይና ከታች ያለው መልእክት አብሮ ይታይ፤ ተቆርጦ የመጣ ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም ብላችሁ ደንግጉ። የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው በሁለት መስመር ጨምቆ ይጻፈው፤ የሰባት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ፈልጎ የሚጠቅስ የለም።

ከመመለስ በፊት ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨመር። መላሹ መጀመሪያ የተከራካሪውን ሐሳብ በራሱ ቃል ያስቀምጥ፤ ያኛው «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» ካላለ መልሱ አይለጠፍም። ይህ ጊዜ ይፈጃል፣ እናውቃለን። ግማሹ ጠብ ግን እዚህ ላይ ይቀራል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሰውየው ያንን አላለም። የመጽሐፍ ጥቅስ ምዕራፍና ቁጥር ይኑረው። ሐዲስ ከሆነ የኪታቡ ስም፣ ቁጥሩና ደረጃው (ትክክለኛ ወይም ደካማ መሆኑ) ይጻፍ፤ የሐዲስ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ ባቡንም (ምዕራፉንም) መጥቀስ ይሻላል። አሁን አሁን ከቻትጂፒቲ ተገልብጦ የሚለጠፍ ረጅም ጽሑፍ በዝቷል፤ የሌለ ሐዲስ፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልተባለ የአባቶች ቃል እያሳመረ ያቀርባል። ምንጩን ከፍቶ ያላየ ሰው አይለጥፍ።

ላይቭ ለምታደርጉት፦ መክፈቻ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ቀጥታ ጥያቄና መልስ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ ሰዓት የሚይዝ ሦስተኛ ሰው። ስጦታ ማለትም ጽጌረዳና አንበሳ በሚዘንብበት ላይቭ ላይ ክርክር አይካሄድም፤ ስጦታው የሚመጣው ለሚጮኸው ነው፣ ተከራካሪውም ይህን በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል። የዓርብ ጁምዓ፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ በረመዳንም የተራዊሕ ሰዓት ይታለፍ። አንዱ ወገን መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን እያለ «መልስ አጡ» ማለት ነውር ነው። ኢአማኒም ቢሆን ነውር ያውቃል።

የሚቀጥለውን ጠንከር አድርገን ነው የምንጽፈው። ሰው አይገለጥ። ደሴና ኮምቦልቻ ትንንሽ ከተሞች ናቸው፤ የቅጽል ስሙን ጀርባ ለማግኘት ሁለት ሰው መጠየቅ ይበቃል። «ይሄ እኮ የእገሌ ልጅ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ነው ቤታቸው» የሚል አንድ ኮሜንት ምን እንደሚያመጣ እናስብ። በኛ አገር ሰው ሲሞት ቅሬ (እድር) ይወጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ተሰብስቦ ይቀብራል፣ እናትን ያጽናናል። መቃብሩ ግን ወይ የመስጊድ ነው ወይ የቤተ ክርስቲያን። በሰርግ ሁለት ቢላዋ ይያዛል፣ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ለየብቻ ይቀርባል፤ ሦስተኛ ቢላዋ የለም። (ኢአማኒው የቱን ይበላል? ከሁለቱም ይበላል፣ ያውም ደህና አድርጎ።) ቀልዱን እንተወውና፣ ስሙ የወጣበት ልጅ የሚያጣው የክርክር ነጥብ አይደለም፤ ትዳር፣ የቤት ኪራይ፣ ሥራ፣ የእናቱን ፊት ነው። ስለዚህ ስም፣ ሰፈር፣ የሥራ ቦታ፣ ፎቶ ወይም ስልክ የለጠፈ ሰው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው ይባረር፣ መልእክቱም ወዲያው ይጥፋ። የአማኝን ስም ለጥፎ «ይህ አክራሪ ነው» የሚል ኢአማኒም በዚሁ ደንብ ይዳኝ።

በቅጽል ስም የምትጽፉ ደግሞ ራሳችሁን ጠብቁ። ቴሌግራም ላይ ፕራይቨሲ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው «Nobody» የሚለውን ምረጡ። ከሥሩ የሚመጣውን፣ በቁጥሬ የሚያገኘኝ ማን ነው የሚለውን ደግሞ እናንተ በስልካችሁ የመዘገባችኋቸው ብቻ አድርጉት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን ይረሳል፤ ቁጥሩን የመዘገበ የሰፈር ሰው በዚያ በኩል ያገኘዋል። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክትም ወደ አካውንታችሁ እንዳይመልስ በዚያው ገጽ ይዘጋል። ግን ስም መሸፈን ይሉኝታን መሸፈኛ አይሁን። ፊት ለፊት ቢሆን ለሼሁ ወይም ለቄሱ የማትሉትን በቅጽል ስም አትጻፉ። ስለ ነቢዩና ስለ እመቤታችን የሚጻፍ ብልግና ክርክር አይደለም፤ አንድ ነጥብ አያስረዳም፣ ሺህ ሰው ያቆስላል።

ሕጉንም እወቁት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ይደነግጋል፣ ማስገደድንም ይከለክላል፤ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይዟል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ 1185/2012 ደግሞ ሆን ብሎ በሃይማኖት ወይም በሌላ ማንነት ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማነሳሳትን ይቀጣል፤ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስከ 5 ዓመት። የትምህርት ጥናትና የሃይማኖት ትምህርት ከክልከላው ውጭ ተደርገዋል። መስመሩ በተግባር እንዲህ ነው፦ «ይህ ትምህርት ስህተት ነው» ክርክር ነው፤ «የዚህ ትምህርት ተከታዮች ከዚህ ከተማ ይውጡ» ወንጀል ነው፣ ይህኛው በሁለቱም ትርጉሙ።

ኡስታዞችና መምህራን፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የሚጠይቅ ልጅ ሁሉ የጠፋ ልጅ አይደለም። «እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም» የተባለ ልጅ ጥያቄውን አይተወውም፤ ይዞት ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ እዚያ የሚመልስለት ማን እንደሆነ አታውቁም። ቁርኣን 16፥125 በመልካሚቱ ዘዴ ተከራከሯቸው ይላል፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ለሚጠይቃችሁ ሁሉ በየዋህነት መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። ተከታዮቻችሁ በስማችሁ ሲሳደቡ «ይህ ከእኔ አይደለም» ብላችሁ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቀን ጻፉ። በውስጥ መስመር የተነገረ ተግሣጽ አይታይም።

ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከሪያ የሚሆን ጭብጥ እናቅርብ። «ጡር» የሚባል ነገር አለን። አህያ ያለ ርኅራኄ የደበደበ፣ የሙት ልጅ ርስት የበላ፣ ሽማግሌ ገፍቶ የጣለ ሰው «ጡር አለው» ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላል፣ ኢአማኒውም ሳያስበው ይወጣዋል። እንግዲህ ጭብጡ፦ «ጡር አለው» የሚለው ቃል ያለ ፈጣሪ ትርጉም ይኖረዋል ወይ? አማኙ ያለ ቀጪ ጡር ባዶ ቃል ነው የሚል ከሆነ ያስረዳ። ኢአማኒውም ቃሉን ሲናገር ምን ማለቱ እንደሆነ ያስረዳ፤ «ልማድ ነው» ካለ ለምን እንደማይተወው ይጠየቅ። ሁለት ሁለት ሰው፣ 150 ቃል፣ አምስት ደቂቃ። ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ይከፈትና ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት ይዘጋ፤ ሐሙስ ቀን ማንም ምንም አይጻፍ። ውጤቱን ለመፍረድ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ዳኛ አይገኝምና ፍርድ አይሰጥ፤ እያንዳንዱ ከሌላው የሰማውን ከሁሉ የጠነከረ ነጥብ አንድ አንድ ጽፎ ይለያይ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ሁለቱ የሚጾሙ አንዱ የማይጾም ሦስት ሰዎች